የመጋዘኑ ቁልፍ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ቤት በቤት ላይ ወጥቶ፣
ደረጃው ከባሕር እስከ ጉም ተዘርግቶ፣
አባ ኤርሚኒዮ ጉልበታቸው ዝሎ፣
ፊሽካና መስቀሉ ባንድ ክር ተንጠልጥሎ
ይወጡ ነበረ።

ሰው ለካባ መግዣ ባዋጣው ብር ሁሉ
ኳስ ገዝተው መጡና፣ ቢጠየቁ፣ አሉ፦
«ጌታስ አይበርደውም፤
እነዚህ ልጆች ግን ኳስ የላቸውም።»

እኔ ያኔ ሌባ፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ፣
አባቴ ባሕር ላይ፣ ልብስ አጣቢ እናቴ።
በመስኮት ሾልኬ፣ መጋዘኑን በርብሬ፣
ሁለት ኳስ፣ አንድ መንፊያ፣ ጃኬቴ ሥር ቀብሬ
ስወጣ፣ ደጃፉ ላይ፣ ጫማቸውን ፈትተው፣
እግራቸውን ያሻሉ ድንጋይ ተደግፈው።
አልጮኹም። «ላውታሮ፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣
ይልጥሃል» አሉና፣ ከቀበቶ ፈትተው
ቁልፍ ሰጡኝ፤ «ከነገ መጋዘኑ ያንተ፤
ኳስ የጠፋ እንደሆን ተጠያቂው አንተ።»

ሌባ ቁልፍ ከያዘ እንቅልፍ ከየት ይመጣል?
በክብደት ያ ቁልፍ ከሰረቅሁት ይበልጣል።

ዛሬ በወደቡ ብረት እበይዳለሁ፤
የቀብሩ ዕለት ግን ሥራ ጥዬ ወጥቻለሁ፦
ሣጥኑን ከጉም አውጥተን ወደ ባሕር ስንወርድ፣
«አቀብለኝ!» ይላል በየእርከኑ አንድ አንድ፤
እንደ ኳስ አለፉ ከጫንቃ ወደ ጫንቃ፣
መሬትም ሳይነኩ፣ ደረጃው እስኪያበቃ።

በሩ ተቀይሯል፤ ቁልፉ አሁንም ኪሴ ነው።

አባ፣
ኳሶቹን በማግሥቱ መልሻለሁ፤ ያውቃሉ።
መንፊያው ግን እቤት ነው።
«ለፋሲካ፣ ለገና እናዘዛለሁ» ስል ሠላሳ ዓመት አለፈ፤
ቁጣዎን አልፈራሁም፤
ሳቅዎን ነው።