አምስተኛው ጥቅል

ፊልሙ የመጣው በባቡር ነው፣ ከጅቡቲ፣
ከጣቃ ጨርቅ ስር ተኝቶ፣ ከካርቶን ስፓጌቲ።
ወረቀቱ አምስት ጥቅል ይላል፤
ሙሴ ያኒ ቢቆጥር፣ ደግሞ ቢቆጥር፣ አራት ይሆናል።
«ግድ የለም፣» አለ፣ «ለዛሬ አራት ይበቃል፤
የድሬ ሰው ደግሞ መች መጨረሻ ይጠብቃል?»

እኔ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ።
ጣሪያው ሰማይ፣ ሸራው ኖራ የተቀባ ግንብ፣ ወንበሩ ድንጋይ፣
በሽርጥ በኩል የሚመልስ፣ ውጦ የዋለውን ፀሐይ።
ተርጓሚያችን፣ በርጩማ ላይ የቆመ ዋርሳሜ፣
«መልካም ወሬ» ማለት ነው ስሙ፤ የገባኝ በስተርጅና ዕድሜ።
በአራት ቋንቋ ይተረጉማል፣ ምላሱ ሳትሰለች፤
የማያውቀው አንዲት ቋንቋ ነው፤
እሷም ፊልሙ የሚያወራባት ነበረች።

ግንቡ ላይ አንድ ማርሻል፣ ደረቱ በኒሻን የዘመመ፣
የካፖርቱ ቁልፍ ወልቆበት ሆዱን በእጁ ይዞ ቆመ።
«ቁልፉን!» አለ፣ በዋርሳሜ አማርኛ፣ «ቁልፉን፣ ቶሎ በሉ!»
መኮንኖቹ ቀዩን ቁልፍ ተጭነው «ተፈጸመ፣ ጌታዬ!» አሉ።
አውሮፕላኑ ቦምብ አዝሎ በረረ፣ ባሕር ማዶ ወዳለው ጠላት፤
ጠላትም የራሱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፍ ላለው አይጠፋም ጣት።
ሚኒስትሮች ተሰብስበው፣ ዓለም ስትጠፋ ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ ይላሉ፤
በድምፅ ብልጫ «ከጥፋቱ በኋላ ሪፖርት ይቅረብ» ብለው ይወስናሉ።

ሳቅን። ወላሂ፣ ሳቅን።
ባለጋሪው ቶፊቅ ከድንጋዩ ተንከባሎ ወደቀ፤
አራተኛው ጥቅል አለቀ።

ቦምቡ ገና አየር ላይ ነው።
ከዚያ ነጭ ግንብ፣ የእሳት ራት፣ ባዶ ብርሃን፤ ደግሞ ጩኸት፦
«ዓለም ትጠፋለች ብለህ ሽልንጋችንን በላህ፤
ወይ አጥፋት፣ ወይ ሽልንጉን መልስ፤ አቦ፣ ስለ አላህ!»

አምስተኛው ለካ ጉምሩክ ታስሯል፤ ቀረጡ አልተከፈለም፣
አቶ ሸዋንግዛው ታሪፉን ቢገልጡ፣ ቢገልጡ፣
«የዓለም መጨረሻ» የሚል አንቀጽ የለም።

ያኔ ዋርሳሜ በርጩማውን አንጠልጥሎ ብርሃኑ መሀል ገባ፤
ጥላው ግንቡን ሞላ።
«ወረደ፣» አለ፣ «ደቻቱ አሸዋ ላይ ዱብ! ተተከለ፤
ወንዙ ደረቅ ነው፤ ቢጠብቁት፣ ቢጠብቁት፣ ዝም አለ።
የመጋላ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች መጡ፤ በመዶሻ ነካ፣ ነካ፣
ከሆዱ አርባ ባልዲ፣ ከጅራቱ ማጥለያ ወጣ ለካ!
ማርሻሉም ቁልፉን አገኘ፤ ሚስቱ ሰፋችለት። አለቀ።»
ሰዉ ሽርጡን አራግፎ፣ ሳቁን እንዳዘለ፣ ወደየቤቱ ዘለቀ።

ይኸው አረጀሁ። ሲኒማው የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል፤
ሲመሽ ሬዲዮው ስለ ቁልፍ ያወራል፤ ሌላ ማርሻል ተነስቷል።
ወበቁ እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ አጎበሬን ገልጬ ስቀመጥ፣
ያ ክብ ቆርቆሮ ይታየኛል፣ ጉምሩክ ግቢ፣ ሸረሪት ሲያደራበት፣ ሲዝግ፣ ሳይገለጥ።
እና እጸልያለሁ፣ እኔ፣ ጉምሩክ ስንቴ ሸሚዙን የወረሰው ሰው፦
አቶ ሸዋንግዛው፣ ነፍስዎን ይማር፤
ማኅተሙ ያለበትን የመሳቢያዎን ቁልፍ
ማንም አያግኘው።