የማንጠግቦሽ ጀሪካን

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፒያሳ ላይ ቆሜ፣
«አገጭ ቀና! ትከሻ ላላ!» ስል ከረምኩ፣ አይ ዕድሜ!
ለመታወቂያ አራት፣ ለፓስፖርት ስድስት፣
ጆሮ የሚታይበት፣ ጥርስ የማይታይበት።
ቅዳሜና እሁድ ሙሽራ ይዤ ወደ ግንቡ፣
ሚዜዎች የቬሎውን ጫፍ ከጭቃ ሲሰበስቡ፣
እኔ ሣር ላይ ተንበርክኬ፣
የፋሲልን ማማ ከሙሽሪት ትከሻ አስታክኬ፣
ስንት ጊዜ አነሳሁት!
እሱ ዝም አለኝ እንጂ፣ እኔስ ሰለቸሁት።

ያን ቀን ግንቦት ሊወጣ ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ፤
ሙሽሮቹ ዘግይተዋል፣ ፀጉር ቤት ይሁን መኪና ምክንያቱ።
ጃንተከል ዋርካ ሥር፣ ካሜራዬን በጃኬቴ ሸፍኜ፣
ከጥላ ጠጋኙ ከዋኘው ጎን፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተክኜ።

ከዋርካው ወረድ ብሎ፣ ቦኖው ደጅ ወረፋ፤
ጀሪካን ተሰልፎ፣ ባለቤቱ ጠፋ።
ውሃ በሳምንቱ ነው፣ መምጫው አይታወቅ፣
ዕቃው ይቆምለታል ሰውየው እስኪዘልቅ።

አንዷ ግን፣ ከጥግ ያለችው፣ ቢጫዋ፣
በቆረቆንዳ የተወተፈ አፏ፣
ሆዷ ተሰንጥቆ በቀለጠ ላስቲክ የተለጠፈ፣
የዘይቱ ስም ከጎኗ ታጥቦ ታጥቦ የረገፈ፣
እሷ ላይ ደመናው ተገለጠ።
ፀሐይ በጀርባዋ ገብታ በሆዷ ወጣች፤
ከሥር የቀረችው ጭላጭ ውሃ ተንቀጠቀጠች፤
ጀሪካኗ በራች።
እንደ ምን ልበላችሁ?
እንደ ማር እንጀራ? አይደለም። እንደ ፋኖስም አይደለም።
እንደ ጀሪካን በራች፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ጣቴ ከእኔ ቀደመ።
ዋኘው ሽቦውን ከጥርሱ አውጥቶ፣
«ሙሽራ ጥበቃ መጥተህ ጀሪካን? ምነው፣ ሰው ታጥቶ?»
አልመለስኩለትም። እጄ አንዴ ተፈትቷል፤
የራሱን አውራ ጣት፣ ጥፍሩ የጠቆረውን፣
ከባጃጅ መስታወት የተንጠለጠለ የሕፃን ካልሲ፣ አንድ እግሩን፣
ግንቡንም አነሳሁት፣ ግን ኩሬ ውስጥ፣ ተገልብጦ፣
የአንድ ተማሪ ጫማ ማማውን ረግጦ።

ሙሽሮቹ መጡ። እነሱንም አነሳሁ፤ እንደ ወትሮው።

ሰኞ ዕለት ጀሪካኗን በትልቁ አጥቤ መስኮቱ ላይ ሰቀልኳት፤
ሁለት ክረምት የቆየችውን ሙሽራ አውርጄ ቦታዋን ሰጠኋት።
ሰው ቆም ይላል፣ ይስቃል፣ ያልፋል፤
አንዱማ «ጀሪካኑ ስንት ነው?» ብሎኛል።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ሴት በሩን በክርኗ ገፍታ፣
ማንጠግቦሽ ትባላለች፣ ከሳሙና በር ተነስታ፣
«ይቺ የኔ ናት! ቆረቆንዳዋን አውቀዋለሁ፣ ልጄ ነው የወተፋት!
ምን አጠፋች? ወረፋ ዘለለች? ምን ተብላ ነው የሰቀልካት?»
«ኧረ ምንም። አምራ ነው» ብላት፣
ዝም አለች። ቀረበች። በጣቷ ጫፍ መስታወቱን ነካች።
ከዚያ እንደ ገና ተቆጣች፦
«ካማረችማ አትነግረኝም ነበር? እንዲህ ጭቃ እንደለበሰች፣
አገር ምድሩ አይቷት፣ እኔ ሳላጥባት!»
«እኔ አጥቤያታለሁ» አልኳት።
አየችኝ። ገባት።
ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ አመለጣት።

ቅዳሜ በማለዳ ተመለሰች፣ ጀሪካኗን አዝላ፣
በአመድ ፈትጋ፣ በሳሙና ደግማ፣ አዲስ ክዳን ገዝታላት።
ግንብ ከተቀባበት መጋረጃዬ ፊት፣
ባለሦስት እግሩ ወንበር ላይ ሁለቱም ተቀመጡ፣
አንዷ በአንዷ ጭን።
መብራቱን ለኮስኩ። ብርሃኑ ጎኗን መታ፣ ተመለሰ፤
ያን ቀን የገባው አልገባም።
ልንገራት? አልኩ በልቤ። አልነገርኳትም።

ማንጠግቦሽ ሻሿን አጥብቃ፣
እጀታዋን እንደ ልጅ እጅ ጨብጣ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የደገምኩትን ከአፌ ነጠቀችኝ፦
«አገጭ ቀና?» አለችኝ።

«ተዪው» አልኩ።
«እንዳለሽ።»