የመብራት ቤቷ ቆጠራ

በካርፓቲያ ግርጌ ፀሐይ ስትመጣ
አርፍዳ ነው ሁሌ፣ ቸኩላ ልትወጣ።
የሎኔሽት ጉድጓድ አፉ ከተደፈነ
ሰባተኛው በረዶ ትናንት ማታ ሆነ።
በማንሻው መዘውር ቁራ ጎጆ ሠርቷል፤
ገላ መታጠቢያው ሳሙና ረስቷል።
እኔ ፀሐፊ ነኝ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፤
ሰው ያለውን ልጽፍ፣ ከነሙሉ ምሬቱ።

ሐሙስ ማታ ነበር። በድሮው መመገቢያ
ወንበር ተደርድሯል እንደ ሠርግ መቀበያ።
ከዋናው ከተማ የመጣው ባለሙያ፣ ኦክታቪያን የሚሉት፣
ካርታውን ዘረጋው፤ ጫፉ አልተኛ ሲል በጨው ብልቃጥ ጫኑት።
ለያንዳንዳችን ሦስት ክብ ተለጣፊ አደለን።
«አረንጓዴው ቱሪዝም፣ ቢጫው አነስተኛ ንግድ፣
ሰማያዊው ሥልጠና፤ ለጥፉ እንደ ፈቃድ።
በአምስት ዓመት ውስጥ» አለ፣ «ይህ ሸለቆ...»
                                        ከኋላ አንድ ሰው ሳለ።
ረጅም ሳል ነበር፤ ከሰል ያለበት ሳል።
ኦክታቪያን ጠበቀ። ዕቅድም ይጠብቃል።

ዶሪና ተነሣች፤ ልብስ መስፋት ታውቃለች።
«ሥልጠናው ደግ ነው፣ እኔም እሻው» አለች፣
«ግን ማሠልጠኛው ያለው ከተራራው ማዶ፣
መንገዱን የሚዘጋው ጭጋግና በረዶ፤
ክፍሉ የሚለቀቀው ልክ በአሥራ ሁለት፤
አውቶቡሱ በአሥራ አንድ ሄዷል፤ የት ልደር በሌት?
በየትኛው ቀለም ልለጥፈው ይህን?»
ሰው ሳቀ። እሱ ግን አገላበጠ ሣጥኑን፤
እንዲህ ያለ ቀለም አልነበረውም።

ያን ጊዜ ተነሣች ቬቱሪያ፣ የመብራት ቤቷ፣
ሃያ ዘጠኝ ዓመት በዚያች ጠባብ መስኮቷ
ፋኖስ እየሰጠች፣ ናስ እየተቀበለች፣
የወረደን ቆጥራ፣ የወጣን ቆጥራ የኖረች።
ስም አትጠራም ነበር፤ ለእሷ ሰው ቁጥሩ ነው፤
ናሱ ሚስማር ላይ ካለ፣ ሰውዬው ምድር ውስጥ ነው።

የብስኩት ቆርቆሮ ከጉያዋ አውጥታ
ካርታው ላይ ደፋችው፤ ሲንጫጫ ለአፍታ
ሸለቆው ተሸፈነ፤ ወንዙም አልታየም።
«ዕቅድ ቆጠራ ነው፤ እኔ ሌላ አላውቅም።
ቁጥሩን ያወቀ ሰው ይምጣና የራሱን ያንሣ፤
እጁ ምን እንደሚችል ይንገረን ሲያነሣ።»

ዝም ተባለ። አንዱ የጨው ብልቃጥ ወደቀ።
ከዚያ ጋቭሪል መጣ፣ ያ የሚያስለው፦
«አራት መቶ ሰባት። ፓምፕ ጠጋኝ ነበርሁ፤
ውኃ እንዳይበላቸው ስንቱን ሌት አደርሁ።
ዛሬ የመንደሩ ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር
ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ አበሉን ስንቆጥር
እኛ እዚህ ተቀምጠን።»
አንዱ ብየዳ አለ። አንዷ አይብ፣ እርጎ፣ ወተት።
አንዱ «ምንም» አለ፤ ያንንም ጻፍሁት።
ዶሪና የአባቷን አነሣች፣ ዘጠናን፤
«እሱ አልወጣም» አለች። አልጠየቅንም መቼን።

መሽቶ ስንቆጥረው ያልተነሣው በዛ፦
ገሚሱ መቃብር፣ ገሚሱ ቶሪኖ ተጓዘ፣
ገሚሱ ጀርመን ነው፤ ሥጋ ይቆርጣል አሉ።
ቬቱሪያ ወደ ቆርቆሮዋ እየመለሰች ሁሉን
«እነዚህ አልወጡም» አለች፣ «ናሳቸው እዚሁ ነው።»
ኦክታቪያን ተለጣፊውን ወደ ኪሱ ከተተው።

ዕቅዱ ተጻፈ፤ ሰማንያ ገጽ ሆነ፣
ከነማኅተሙ መደርደሪያ ላይ ሰፈነ።
እስካሁን የሠራው አንድ መስመር ነው፤ እሱንም
እኔ ነኝ የጻፍሁት፣ ማንንም አላስፈቀድሁም፦
«አውቶቡስ። አሥራ ሁለት ተኩል። ከሰኞ እስከ ዓርብ።»

ትናንት ከቢሮዬ ስወጣ አየኋት፣
ቬቱሪያን፣ ፌርማታው ላይ፣ በረዶ ሲያለብሳት።
ጠዋት ሰባት ሄደዋል። በሩ ተከፈተ፦
ዶሪና፣ ሁለት ወጣት፣ ከዚያ ሌላ ሦስት... ስድስት።
ሾፌሩ ሊዘጋ ሲል እጇን በሩ ላይ ጣለች፤
«አንድ ይቀራል» አለች።
ሞተሩ ይንገጫገጫል። እሷ ንቅንቅ አላለች።
ከመጨረሻው ወንበር፣ ከጨለማው ውስጥ፣
አንድ ሰው ሳለ።