የቀረው ዝናብ

ሸዋ በር ካለው ፎቅ፣ ከደረጃው በታች፣
አንዲት ጠባብ ክፍል በር አልባ ነበረች።
ጋሽ አበጋዝ ይመር ማኅተም ይቀርፅባት፣
እኔ ፍቅፋቂውን በላባ እጠርግባት።

የእድር፣ የወፍጮ ቤት፣ የማኅበር ስም ሁሉ
እጁ ላይ ተገልብጦ ይተኛል ፊደሉ።
«ሀ»ን ከጀርባዋ፣ «ለ»ን ከሆዷ ያያል፤
«ቀጥታ የሚያነብ ቀራጭ አይሆን» ይላል።

አንድ ቀን የመንገድ ሥራ ሾፌር መጣ፣
ለማኅተሙ ዋጋ ገንዘብ ቢያጣ
የጃፓን ካላንደር ከጋቢናው አወጣ።
አንደኛው ገጽ ላይ፦
መንገድ። ጭነት ያጎበጠው ሰው።
እንደ ክር የወረደ ዝናብ የሚያለብሰው።

ጋሽ አበጋዝ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ዝም አለ።
ሻይ መጣ፤ ቀዘቀዘ።
«ብሩሽ አይደለም» አለ፣ ጣቱ መስመሩን እየያዘ።
«ልብ በል፤ ዝናቡን አልቀረፀም ሰውየው፤
ከክሩ ግራና ቀኝ ሌላውን ነው የፋቀው።
የሄደው ተጠርጎ ሄደ፤
የቀረው ዝናብ ሆኖ ወረደ።»

«የሣዩ ስም አለ?»
«አለ።»
«የአሳታሚው?»
«እሱም አለ።»
«የቀራጩስ?»
ገጹን ገለበጥኩ፤ ሌላ ወር መጣ፤ የለም።
«እኔም» አለ፣ «ማኅተም ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም።»

ሾፌሩ ሲመለስ መሐንዲሶቹን ጠይቆ ነገረን፦
ስስ ወረቀት ላይ ይሣላል፣ በፊቱ ይደፋል፣
በሙጫ ሳንቃው ላይ ይለጠፋል፤
ቢላው ሥዕሉን ከነወረቀቱ ይበላል።
ለሰማያዊው አንድ ሳንቃ፣ ለቀዩ ሌላ ሳንቃ፣
ጥጉ ላይ ጭረት፣ ወረቀቱ እንዳይነቃነቅ።

ጋሽ አበጋዝ ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን ረሳ፤
ዋንዛው ላይ በእርሳስ ብድግ አለ ጦሳ።
ክረምቱን ሙሉ ዙሪያውን ፋቀ፣
ዝናቡን እየጠበቀ።
የኩራዝ ጥላሸት በስንዴ ሙጫ ለወሰ፣
ጉም ያለበትን በጨርቅ ጫፍ አበሰ፣
ርጥብ ወረቀት አልብሶ በኮባ ቅጠል አሸ፣
ገለጠ።

ሸዋ በር በቀኝ ወጣ፣ ኩታበር በግራ፤
ስንቱን ፊደል የገለበጠ እጅ መገልበጥ ረሳ ተራራ።
ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ።
ሌላ አላተመም።

ዛሬ ክፍሏ የሞባይል ካርድ ይሸጥባታል።
ወረቀቱ እኔ ጋ ነው፤ ቢጫ ሆኗል።
ሳንቃው ልጁ ቤት፣ ሳሎን ተሰቅሏል።
በሄድኩ ቁጥር እዳብሰዋለሁ፤
ዝናቡ ጣቴን ይቆጠቁጠኛል።
በግራው ሸዋ በር፣ በቀኙ ኩታበር፤
ወረቀቱ እንጂ የሳተው፣
እንጨቱስ ልክ ነበር።