ድምፁ ነው የጠፋው

ሱቄ መጋላ ነው፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ፤
ፀሐይ እንኳ ሳታንኳኳ በቆርቆሮው ሽንቁር ስትገባ
እኔ ከቴሌቪዥን ሆድ አቧራ እጠርጋለሁ፣
አንዳንዴ በረሮ፣ አንዳንዴ የጠፋ ሳንቲም አገኛለሁ።
ነጂባን ያወቅኋት ግን ከፊት ነው፣ በመስታወቱ፣
ሌላው ሰው እንዳወቃት፣ ማታ ማታ በየቤቱ።

ዋሸሁ። ቀድሜ አውቃታለሁ፤ ከዚራ፣ የባቡሩ ሠፈር፣
የፍሬን ያዡ የአብዶሽ ልጅ፣ በኒሙ ጥላ ስታንጎራጉር።
የጅቡቲው ባቡር ሲገባ፣ ፊሽካው ሲሰማ ማታ
በዚያው ቅኝት ትመልስለታለች፣ ጉንጯን እንደ ፊኛ ነፍታ፤
እናቷ ከጓዳ፦ «ሁለት ባቡር መጣብን ዛሬ በአንድ አፍታ!»

በሠራተኞቹ ክበብ መጀመሪያ የቆመች ቀን፣
ኦርጋኑ ሁለት ቁልፍ ጎድሎት፣ ላቡ አጥምቆን፣
አንዱን ስንኝ በኦሮምኛ፣ አንዱን በሶማልኛ፣
ሦስተኛውን በአማርኛ፤
«ይሄ የማን ቋንቋ ነው?» ያለ አልነበረም።
ድሬ ላይ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ
ገና ያላላበው እንግዳ ነው አቦ!

ከዚያ አዲስ አበባ። ስሟን ቆርጠው «ናጂ» አሏት፤
«አቦ» የምትለውን ቃል እንደ ወተት ጥርስ ነቀሉላት።
አንድ ካሴት አወጣች። አልተሸጠም። ፀሐይ በላው።
በተከታታይ ድራማ የደረሳት የእንጀራ እናት ነው፦
ሕፃን ትቆነጥጣለች፣ ኑዛዜ ትሰርቃለች፣
በር ሥር ቆማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ታደምጣለች።
አቤት መቻሏ! ሳቢያን ላይ አንዲት ባልቴት
ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባት፤
ሣጥኑ ከጠረጴዛ ወድቆ እኔ ዘንድ መጣ፣ ጎኑ ተገንጥሏል።
ሁለት መቶ ብር ተቀበልኩ። የሷ ክፋት እኔን አብልቷል።

እናቷ ግን ገበያ ስትወጣ ቲማቲም የሚመርጥላት ጠፋ።
«ያንን የሙት ልጅ ስታሰቃይ፣ ምነው አትመክሪያትም?»
«የኔ ልጅ? የኔ ልጅ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ቆማ አታይም!»

በክፍል አርባ ሁለት መኪና ገጭቶ ገደላት።
ሠፈሩ እፎይ አለ። ከዚያ፣ እፍረት ይዞት፣ አለቀሰላት።
በማግስቱ ሦስት ጎረቤት ሊያስተዛዝኑ ቢመጡ
በመጥረጊያ ተባረሩ፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ ወጡ።
«ትናንት ደውላልኛለች! ጉሮሮዋን ነው እንጂ ያመማት፣ አልሞተችም!»

ከዚያ መደወሉም ሳሳ። ቴሌቪዥኑም ሳሳ፤
ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ሆድ የሌለው ነገር ሆነ፣
አቧራ አይቋጥር፣ ሳንቲም አይደብቅ።
እኔም ዝንብ ቆጠርኩ።

ዓምና በግንቦት፣ ደቻቱ አሸዋውን ታቅፎ ሲያንቀላፋ፣
ከባጃጅ አንዲት ሴት ወረደች፣ አሮጌ ሣጥን አቅፋ፣
አንገቷን በሻሽ ጠምጥማ፣ በዚያ ሐሩር።
«ምስሉ አለ» አለች። «ድምፁ ነው የጠፋው።»
በሹክሹክታ ነው ያለችው። ከሻሹ ሥር የቢላ መንገድ አየሁ።
«እኔ የማውቀው የዕቃውን ነው» አልኩና ወዲያው ምላሴን ነከስኩ።
ሳቀች። ትከሻዋ ብቻ ሳቀ።

ከፈትኩት። የድምፅ ማጉያውን ሽቦ አይጥ በልቶታል፤
የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ለሙከራ ባበራው
ያ ድራማ፣ ተደግሞ። እሷ፣ ከራሷ ሃያ ዓመት አንሳ፣
በር ሥር ታደምጣለች።
መበየጃውን ስሰካ እጄን ያዘችኝ። «ቆይ እስኪ።»

በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ በዚያ በተላጠ ትንፋሽ
ለእንጀራ እናቲቱ ቃል አዋሰቻት፦
«ነይ አቦ፣ አንቺ ልጅ፤ ማን ቆነጠጠሽ? ሙቀቱ ነው፣ እኔ አይደለሁ፤
ነይ ተቀመጪ፣ ሐብሐብ እቆርጥልሻለሁ።»
ባልየውን በሶማልኛ ሰደበችው፣ ዳኛውን በኦሮምኛ ለመነችው፤
ልብስ ሰፊዎቹ ፔዳላቸውን ለቀው፣ ክር በአፋቸው እንደያዙ፣ መጡ።
መኪናው ከማዕዘኑ ብቅ ሲል፦ «ዞር በል አቦ!» አለችው።
አልዞረም።
በመስታወቱ ውስጥ ያቺኛዋ ወደቀች።
ይቺኛዋ ውሃ ጠየቀችኝ።

ሽቦው እስከ ዛሬ አልተበየደም። ሒሳብም አልተቀበልኩ።
ሐሙስ ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጥላው በሩ ጋ ሲደርስ፣
ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ቀደም ብለው ይሸፍናሉ።