አይታይም

ኤድመንተን በጥር፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ፣
መኪናችን በገመድ ከግድግዳ ተሰክቶ ያድራል፣ ሲነጋ እንዲነሣ።
ማታ በሦስት ሰዓት ስልኩ ይጮኻል፣
ይታገሱ ካለበት ይነሣል፤
ከወጥ ፊት፣ ከጨዋታ ፊት፣
አንዲት ፍሬ ኪኒን፣ አንድ ጉንጭ ውኃ፣
አሥራ አንድ ዓመት።
እኔ ሳላውቀው የጀመራት፣
አውቄው ያላቋረጣት፣
እንደ ዳዊት የሚደግማት።

የነገረኝ ቀን መኪና ውስጥ ነበርን፣ ከጎማ መሸጫው ደጅ፣
ዓይኑን ከመስተዋቱ ሳያነሣ፣ ከመሪው ላይ ሳያነሣ እጅ፣
«ከፈለግሽ ውረጂ» አለኝ፣ «አውቶቡስ አለ፣ ሂጂ።»
አልወረድኩም።
ዛሬም ሲጠይቀኝ «ብርዱን ፈርቼ ነው» እለዋለሁ።

ልጅ ያልን ጊዜ ግን ቃሉ ራሱ ፈራ፤
ሦስት ሌሊት ጀርባ ለጀርባ ተኛን፣ አንዳችን አንዳችንን ሳንጠራ።
እህቴ በስልክ፦ «ሰው እያየ ገደል ይገባል?»
እንግዲያው ገደሉን ልየው ብዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ።
ገደል አልነበረም።
ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ወንበር፣
ጉርፕሪት የምትባል ነርስ፣ ካልሲዋ ላይ ዳክዬ የተሣለበት።
ወረቀቱን ወደኛ አዞረች፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካች፦
«የቫይረሱ መጠን፣ አይታይም።
ባለፈው ሚያዝያ አይታይም። በጥቅምትም አይታይም።
መድኃኒቱን ሳያጓድል እስከዋጠ፣ ደሙም እንዲህ እስካለ፣
በመኝታችሁ ወደ አንቺ አይሻገርም» አለች፣
የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ቀለል አድርጋ።
«ልብሽ ካላረፈ ላንቺም መከላከያ ኪኒን አለ።
የሚመቹትን ቀናት ቁጠሩ፣
እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት ሞክሩ።»

እንደ ማንኛውም!
ይታገሱ ኮፍያውን አወለቀ፣ አጠለቀ፣ ደግሞ አወለቀ፤
ሳቅ መሆኑን ያወቅኩት ከትከሻው ነው።

ከዚያ መቁጠር። ጎማ መሸጫው የሰጠን የቀን መቁጠሪያ ላይ
በቀይ የከበብኩት ቀን ሁሉ ለእሱ የሌሊት ፈረቃ፤
ፈረቃ ይለምናል፣ ምክንያቱን ሳይናገር፣
አለቃው ጥርስ አመመው ብሎ ያዝንለታል።
የካቲት፣ መታጠቢያ ቤት፣ መመርመሪያዋን ወደ መብራቱ ባዘነብላት
ሁለተኛው መስመር አይታይም።
መጋቢት። አይታይም።
ሚያዝያ፣ በረዶው ከጣሪያ ሲንጠባጠብ፣ አይታይም።

አማርኛ ሆይ፣ ቃል አጠረሽ ወይ?
ለሁለቱም አንድ ቃል ትሰጪኛለሽ?
በእሱ ደም ሲሆን እልል የምልለት፣
በእኔ ማሕፀን ሲሆን ቧንቧ ከፍቼ የማለቅስበት።

ሰኔ ነው አሁን። እዚህ በሰኔ ማታ በሦስት ሰዓት ገና ፀሐይ ነው።
ይታገሱ መመርመሪያዋን ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሟል፣
«ደብሪቱ፣ ነይ እስቲ፣ ዓይኔ ነው ወይስ…»
ስልኩ ጮኸ።
«መጀመሪያ ኪኒንህን» አልኩት።
«እንዴ፣ ይህን ሳናይ?»
«መጀመሪያ ኪኒንህን።»
ዋጠ። ውኃውን ጨለጠ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።
ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄድን።