አንዲት ዜሮ

ታርቱ ከተማ ላይ፣ በጥር ውርጭ ሌሊት፣
ኡርቬ ለብቻዋ፣ ከስክሪኑ ፊት።
ስልክ ጮኸ። አለቃ፦ «አንዲት ዜሮ እኮ ናት፤
ከሟቹ የመርፌ ልክ ሳይነጋ ፋቂያት።»

በብራናው ዘመን ምላጭ ይበቃ ነበር፣
ፊደሉን ለመፋቅ፣ ነገሩን ለመቅበር።
ይህ የደመና መዝገብ ግን ሰንሰለት ታጥቋል፤
የኋላው ቀለበት የፊቱን ያውቃል።
የታማሚውን ስም ለማንም አይናገር፣
አሻራ ብቻ ይዞ ዝም ያለ ምስክር።
ግልባጩ ሪጋ አለ፣ ግልባጩ ኦውሉ፤
አንዱን ብታባብል ሌሎች እንቢ ይላሉ።

እጇ ቁልፉ ላይ ግን ትንሽ ዘገየ፤
የወር ኪራይዋ ከፊቷ ታየ።

«ባይኖርስ ሰንሰለት?» አለች ለራሷ።
ስልኩ ተዘጋ እንጂ አልመጣም መልሷ።